አባባ ተሰማና የተከበበችው አገር

ልጅ ሳለሁ ከአገሮች ሁሉ አብልጬ የማውቃት አገር የተወለድኩባትም ያደግኩባትም አልነበረችም። ኢትዮጵያን በአራት ዓመቴ ስለተለየኋት ከአንድ የሲሚንቶ ደረጃና ከአንድ ቢጫ ባልዲ በቀር የማስታውሰው የለኝም፤ አሜሪካንም ቢሆን ያኔ ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ካለው መንገድ አልፌ አላውቃትም። እኔ የማውቃት ሌሶቶን ነበር። ወንዞቿ በየትኛው ወር እንደሚሞሉ፣ በረዶ ሲጥል ፈረስ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሴቶቿ ግድግዳቸውን በምን ዓይነት አፈር እንደሚለቀልቁ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ እመልስ ነበር። እግሬ ግን እስከ ዛሬ አልረገጣትም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ የእናቴ አጎት አባባ ተሰማ ናቸው። የሒሳብ መምህር ነበሩ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥተው፣ ካንዱ አገር ወዳንዱ ሲሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሌሶቶ ውስጥ ተራራ ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተቀጥረው አሥራ ሦስት ዓመት አስተምረዋል። ሚስት አላገቡም፤ ለምን ተብለው ሲጠየቁ «ቁጭ ብዬ አላውቅም፣ ማን ያግኘኝ?» ይሉ ነበር። በስተርጅና ዲቪ ደርሷቸው አትላንታ ሲመጡ እናቴ ኤርፖርት ሄዳ፣ ሻንጣቸውን ከእጃቸው ቀምታ፣ አቮንዴል እስቴትስ ወደተከራየናት ቤት አመጣቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጃቸው ምንም ነገር እንዲይዙ አልፈቀደችላቸውም።

እናቴን ሳታውቋት እንዳትፈርዱባት። አንድ ሆቴል ውስጥ የአንሶላ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ስትገባ እንኳ አጎቷ ሰሐን ይዘው ወደ መታጠቢያው ሲራመዱ ካየች እንደ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር የምትሮጠው። «ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ! ይተዉት! እኔ እያለሁ?» ውኃ ሲያምራቸው ብርጭቆው ቀድሟቸው ይደርሳል። ጠዋት የሚለብሱት ሸሚዝ ተተኩሶ ወንበር ላይ ይጠብቃቸዋል፤ የትኛው እንደሆነ የምትመርጠው እሷ ናት። በመጡ በሦስተኛው ወር መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት የመቁረጥ ሥራ አግኝተው ነበር፤ እናቴ ሳምንት ሙሉ አልቅሳ አስተወቻቸው። «መምህር የነበሩትን አጎቷን ፓርኪንግ አስቀመጠቻቸው ይበሉኝ? ሰው ምን ይለኛል?» ሰው ምንም ባላለ ነበር፤ ሰውማ ግማሹ ራሱ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው።

እኔ እንደ አሜሪካን ልጅ ሁሉንም ሰው «አንተ» እና «አንቺ» ነበር የምለው። እናቴ «አንቱ በይ፣ ባለጌ!» ብላ ስትቆጣኝ አባባ ተሰማ «ተያት» ይሏታል። «እዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ አንተ ይበለኝ።» ያኔ እንደ ቀልድ ሰምቼ እስቅ ነበር።

በዚያ ቤት ውስጥ ዕረፍት አልነበራቸውም። ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ሰፈሩን ይዞራሉ፤ ተመልሰው በሩን ከፍተው ይዘጋሉ፤ መስኮቱ ጋ ይቆማሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። በየወሩ አልጋቸውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይገፉታል። እናቴ ክፍሉን ስታጸዳ ወደነበረበት ትመልሰዋለች። ስለ አልጋው አንድም ቃል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ይገፋሉ፣ እሷ ትመልሳለች። እኔ በመሀል ሆኜ አንድ ቀን አንዱ ይሸነፋል እያልኩ እጠብቅ ነበር።

ማንም የማይደርስባቸው ቦታ የጓሮው ጥግ ብቻ ነበር። አባቴ፣ ታክሲ ነጂ ነበር፣ ከአንድ ሰው ጋራዥ በርካሽ ገዝቶት አንድም ቀን ሳይጠቀምበት የቀረ እግሩ የተወላገደ ግሪል፣ የከሰል መጥበሻ፣ እዚያ ተጥሎ ነበር። እሑድ እሑድ ወደ ማምሻው ላይ አባባ ተሰማ የደረቀ የጥድ ቅጠል ከግቢው ይለቅማሉ፤ ከሰል ይከምራሉ፤ በጉልበታቸው ተንበርክከው እፍ እፍ ይላሉ፤ ሲቀጣጠል እሸት በቆሎ ይጠብሳሉ። እናቴ በኩሽናው መስኮት «ጋሼ፣ ልብስዎ ጭስ ጭስ ይላል እኮ!» ትላለች እንጂ እባብ ስለምትፈራ ሣሩን አቋርጣ አትመጣም። እኔ ግን በተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። ያኔ የጆርጂያ በጋ ሙቀቱ ሳይበርድ ብርሃኑ ብቻ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት እንደ ወፍጮ ሲጮኹ፣ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ሰልችቶት በአጥሩ ሥር ሲንፏቀቅ፣ የአባባ ተሰማ ፊት ፍሙ በሚያበራው በኩል ቀልቶ በሌላው በኩል ጠቁሮ ሳየው፣ ጓሮው ጓሮነቱ ቀርቶ ተራራ ይሆንብኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን በከሰል የወረቀት ሰሐን ላይ ትልቅ ክብ ሣሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰርክል።»

«አገር ነው።» በትልቁ ክብ ውስጥ ትንሽ ክብ ሣሉ። «ይህስ?»

«ላይክ... ከተማ?»

«ይህም አገር ነው። የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ባንዲራ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው።»

አላመንኳቸውም። አገር በአገር ሆድ ውስጥ እንዴት ይገባል? «ታዲያ እንዴት ይወጣሉ?» አልኩ።

«ፓስፖርታቸውን አሳይተው። በየትም በኩል ቢወጡ ግን የሚያገኙት ያንኑ ጎረቤት ነው።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እያቆራረጡ ነገሩኝ። ድሮ፣ ሜዳውም ስንዴውም የእነሱ ሳለ፣ በጦርነትና በረኃብ የተበተነውን ሕዝብ አንድ ብልህ አለቃ ሰበሰበው፤ አናቱ ገበታ የመሰለ ተራራ ላይ አውጥቶም አገር አደረገው። ዙሪያው ገደል ነው፤ መውጫው ጥቂት ጠባብ ስንጥቅ። ጠላት ሲመጣ ከላይ ድንጋይ ያንከባልሉበታል። ተራራው ቀን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሲጨልም ግን ያድጋል ይባላል። አባባ ተሰማ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ዞር ብዬ የቤታችንን ጣሪያ አያለሁ፣ እሱም እያደገ እንደሆነ ለማረጋገጥ።

አንድ ጊዜ ታላቅ ጦር መጥቶ ከበባቸው። ወጣ፣ ተመታ፣ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ፣ ተመታ። ስንቁ አልቆበት ፊቱን ሲያዞር ንጉሡ የሰቡ በሬዎች ከኋላው አስነዳለት። ርቧችሁ ነው የመጣችሁት፣ ብሉና በሰላም ግቡ ብሎ።

«ዋይ?» አልኩ ከሣጥኔ ተነስቼ። «ጠላት አይደሉም እንዴ?»

«ተሸንፎ የሄደ ይመለሳል። በልቶ የሄደ ግን ያፍራል።» በቆሎውን ገለበጡት። «ያ ጦር አልተመለሰም። የመጡት ሌሎች ናቸው፤ ጠመንጃ የያዙ። ሜዳውን ከነስንዴው ወሰዱት። ንጉሡ ጨነቀውና ባሕር ማዶ ያለውን ኃያል መንግሥት ጥላ ሁነኝ አለው። ሆነለት። ጥላ የሆነሽ ዛፍ ግን ፀሐይሽንም ይወስዳል። መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የራሳቸውን ባንዲራ የሰቀሉት።»

«ሶ አሁን ፍሪ ናቸው?»

አባባ ተሰማ ፍሙን ቆሰቆሱት። ነጻ ናቸው፣ አሉ፤ ግን ወንዱ ሁሉ እንጀራውን ፍለጋ የሚሄደው ከብቦ ወደያዛቸው ወደዚያው አገር ጉድጓድ ነው፤ ማዕድን ሊቆፍር። ሴቱ ተራራው ላይ ይቀራል። «ነጻ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን አሥራ ሦስት ዓመት አስልቼው አልወጣልኝም» አሉኝ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የማይወጣለት ነገር መኖሩ ያኔ በጣም ገረመኝ።

አሥር ዓመት በሞላኝ በጋ፣ አንድ እሑድ፣ እሳቱ ሳይያያዝ ገና አንድ ፖስታ ከሸሚዛቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። ከዲኬተር ወዲህ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለአዛውንቶች ያሠራው ሕንጻ ነበር፤ አንድ ክፍል፣ ትንሽ ኩሽና፣ የራሱ በር። አፕላይ አድርገው ሁለት ዓመት ሙሉ ዌይቲንግ ሊስት ላይ ኖረዋል፤ ማናችንም አላወቅንም። አሁን ተራቸው ደርሶ ከቤተ ክርስቲያኑ አንዲት ሴትዮ መጥታ አኗኗራቸውን ልታይ ነው፤ የምትወስነው እሷ ናት። ቀጠሮው ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ እናቴ ሥራ ላይ ስትሆን።

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። «ካለቀ በኋላ እኔው እነግራታለሁ። አሁን ካወቀች ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ደግሞ እቀራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ፕሮሚስ» አልኩ። ፖስታውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ከላይ መታ መታ አደረጉት፤ ከደስታ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያን ዕለት የነገሩኝን ተረት ጨርሶ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ሣጥኔ ላይ ሆኜ ያሰብኩትን ብቻ ነው። እሳቸው ከሄዱ እሑድ ምን ሊሆን ነው? ተራራውስ?

ሐሙስ ዕለት ጠዋት አባባ ተሰማ ክራቫታቸውን አስረው፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ደርሰው ከቀጠሮው በፊት ሊመለሱ በአውቶቡስ ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ ከሆቴሉ ስልክ ተደወለ፤ ዛሬ ሥራ ስለቀዘቀዘ እናቴ ለከሰዓት ፈረቃዋ እንዳትመጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ አልመጣም፤ ሴትዮዋ ግን መጣች።

ፀጉሯን አጥራ የተቆረጠች ሽበታም ሴት ነበረች፣ ፎልደር ያቀፈች። እናቴ ሃይማኖት የምትሰብክ መስሏት «ኖ ታንክ ዩ» ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል የአጎቷን ስም ሰማች፤ ቀጥሎም «አፓርትመንት» የሚለውን ቃል ሰማች። ወደ እኔ ዞረች።

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ ሴትዮ?»

ነገርኳት። የእናቴ ፊት እንዲያ ሲሆን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ሰው በመንገድ ላይ በጥፊ የመታት ነበር የሚመስለው። ግን እንግዳ ደጅ ላይ ቆሟል። «ግቢ በያት እንጂ፣ ምን ታቆሚያታለሽ!» አለችኝ። አስቀመጠቻት። ለበዓል ብቻ የሚወጣውን ብርጭቆ አወጣች፣ ጭማቂ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ብርቱካን ላጠች፣ ሴትዮዋ አንዱን ሳትውጥ ሌላውን አስጠጋችላት። እናቴ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ወረቀት የያዘ ሰው ፊት ግን ይጠፋባታል። ስለዚህ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አቶ ተሰማ የራሳቸው ክፍል አላቸው ወይ ብላ ጠየቀች ሴትዮዋ።

«ክፍል? ቤቱ የማን ሆነና! በያት፣ ቤቱ የሳቸው ነው፤ እኛ ነን የተጠጋናቸው።»

ቤቱ የሳቸው ነው፣ እኛ ነን እሳቸው ቤት የምንኖረው አልኳት። ቅንድቧን ከፍ አደረገችና ጻፈች።

ኪራይ ይከፍላሉ?

«ምን? ካሳደገኝ አጎቴ ኪራይ ልቀበል? ሞቼ ነው ቆሜ? በያት አፍራለሁ በያት!»

አይከፍሉም አልኳት። ጻፈች። እዚህ መቆየት የሚችሉትስ እስከ መቼ ነው?

«እስከ ዕለተ ሞታቸው! እኔ ነኝ የምቀብራቸው።»

እናቴ ናት የምትቀብራቸው ብዬ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ብዕሯን አንስታ እናቴን አየቻት። እናቴ በኩራት ራሷን ነቀነቀች።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ይሉኝታ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ማንኛዋም ያገሬ ሴት እንዲያ ትል ነበር፤ አጎቴ ጎድሎባቸዋል፣ ክፍላቸው ጠባብ ነው፣ ውሰዷቸው የምትል እናት ኢትዮጵያ አልወለደችም። ከዚያ ግን ሴትዮዋ ፎልደሯን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ለስለስ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች። እሳቸው ራሳቸውስ ምን ይፈልጋሉ? መውጣት ይፈልጋሉ ወይ?

እናቴ እንግሊዝኛው ስለፈጠነባት አልገባትም። «ምን አለች?» አለችኝ።

አልተረጎምኩላትም። እናቴ ብትሰማው ምን ትመልስ እንደነበር አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ምናልባት ዝም ትል ነበር። ምናልባት አልጋው ትዝ ይላት ነበር። እኔ ግን ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት በጨዋ ደንብ፣ «ኖ ማም» አልኳት። መሄድ አይፈልጉም። እዚህ ደስ ብሏቸዋል።

ጻፈች። ፎልደሩን ዘጋች።

መኪናዋ ከመንገዱ ጠርዝ ስትነሳ አባባ ተሰማ ከታች እየሮጡ ሲመጡ በመስኮት አየሁ። የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቷል። መኪናዋን ሲያዩ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡላት፤ ሴትዮዋም ማን እንደሆኑ ሳታውቅ አውለበለበችላቸው።

እናቴ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ምን አጠፋሁ ጋሼ? ምን አጎደልኩብዎ?»

«ምንም አላጎደልሽም ልጄ።» ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር። «አንድም ነገር አላጎደልሽም። እሱ ነው እኮ።»

አልገባትም። አለቀሰች። እሳቸውም እንዳሉት ሆነ፤ ስታለቅስ ጊዜ ትከሻዋን እየደባበሱ «በቃ፣ በቃ፣ የትም አልሄድም» አሏት።

ደብዳቤው በሁለተኛው ሳምንት መጣ። እሑድ ግሪሉ አጠገብ ቆመው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው አነበቡት። ቤተሰቡ እንደገለጸው አመልካቹ በቂ መኖሪያ አላቸው፤ የመውጣት ፍላጎትም የላቸውም፤ ስለዚህ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ወደፊት ቢፈልጉ ከዝርዝሩ መጨረሻ ሊጀምሩ ይችላሉ ይላል።

«በቂ መኖሪያ አለው ያለችው እናትሽ ናት። ይህቺን አውቃታለሁ» አሉ። «አይፈልግም ያለው ማን ነው?»

ከሰሉ ይንጣጣ ነበር። እናቴ ናት ብል ያምኑኝ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊታቸው ቅርብ ነበር፣ ዓይናቸውም ከጭሱ ይሁን ከሌላ ቀልቶ ነበር፤ መዋሸት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስቶሪው እንዳይቀርብኝ።»

እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። ልጅ ነኝ፤ ወድጃቸው ነው ያደረግኩት፤ በተረት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጥፋት ሽማግሌው ስቆ ያልፈዋል። አባባ ተሰማ ግን በእጃቸው የያዙትን በቆሎ ሣሩ ላይ ወረወሩት። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ «እኔ ስንት ዓመት የቀረኝ ይመስልሻል?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሽማግሌ ዓመቱ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እሳቱን በውኃ አጠፉት።

ከዚያ በኋላ ስንት እሑድ እንዳለፈ እንጃ፤ ግሪሉ ቀዝቅዞ ቆመ። ሰላም ይሉኛል፣ የቤት ሥራዬን ያዩልኛል፣ ክፍልፋይ ያስረዱኛል። ተረት ግን የለም። እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ከክፍል ክፍል እዞራለሁ፣ ቲቪ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ጓሮ ወጥቼ ሣጥኑን አይቼ እመለሳለሁ። እናቴ ኮሶ ይዞሽ ይሆናል ብላ መድኃኒት ልታጠጣኝ ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ እሑድ፣ የጥድ ቅጠል ሲለቅሙ አየኋቸው። ሮጬ ሄጄ አብሬያቸው ለቀምኩ። አልከለከሉኝም። ሲቀጣጠል ስለ ንጉሡ ሳይሆን ስለ አንዲት ሴት ነገሩኝ።

ማሊኔዮ ትባላለች። በመጀመሪያው ዓመት ያከራየቻቸው እሷ ነበረች። ባሏ ማዕድን ሊቆፍር በወጣበት ሞቶ፣ ልጇ እዚያው ትልቁ አገር ከተማ ውስጥ ደህና ቤት ሠርቶ ነበር፤ መብራት ያለው፣ ቧንቧ ያለው። ጎረቤቶቿ ና ውሰዳት ቢሉት፣ መጥቶ ለምኗት፣ አልቅሶ ወሰዳት። ምራቷ ደግሞ የተባረከች ነበረች። ማሊኔዮን እንጨት አታስለቅማት፣ ውኃ አታስቀዳት፣ አመድ አታስዝቃት። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። በአራተኛው ወር አሮጊቷ ብርድ ልብሷን ተከናንባ በአውቶቡስ ድንበሩ ድረስ መጣች፤ ከዚያ ፓስፖርቷን አሳይታ፣ ቀሪውን ተራራ በእግሯ ወጣችው። ስትደርስ ክረምቱ የቤቷን ጣሪያ ግማሹን አፍርሶታል።

«እኔ አየኋት» አሉ አባባ ተሰማ። «በቀረው ግማሽ ሥር ኩበት አንድዳ ቁጭ ብላለች። እማማ፣ ጣሪያው እኮ ፈርሷል አልኳት። ቀና ብላ አየችውና፣ የፈረሰው የኔ ነው አለችኝ።»

ኩበቱ እንደኛ አገር ኩበት ነው ወይ ልል ዞር ስል እናቴን አየኋት። የበቆሎ ሰሐን ይዛ ሣሩ መሀል ቆማለች፣ እባቡንም ረስታ። ከየት ጀምራ እንደሰማች አላውቅም። ሰሐኑን ሣጥኑ ላይ አኖረችና ተመለሰች። በዚያ ሳምንት ክፍሉን ስታጸዳ አልጋውን ተገፍቶ ባገኘችበት ግድግዳ ሥር ተወችው። በወሩ ደግሞ፣ አባቴ በታክሲው ወስዷቸው፣ አዲስ ማመልከቻ አስገቡ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የተጻፈውን ደብዳቤ እናቴ ነበረች የፈረመችው። አጎቴ መሄድ ይፈልጋሉ ይላል።

ዝርዝሩ ግን ዝርዝር ነው፤ ያዘነና የተጸጸተ አይቀድምበትም። አራት ዓመት ፈጀ።

ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። እናቴ ድስቷን አቅፋ፣ እኔ ከኋላዋ፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሄድን። አንኳኳን። ትንሽ አቆዩን፤ ሆን ብለው ይመስለኛል። ከዚያ ከፈቱና «ግቡ፣ ግቡ» አሉን። እናቴ ወደ ኩሽናው ልትሮጥ ስትል «ተቀመጪ! እንግዳ ነሽ» አሏት። ዕቃውን ራሳቸው አጠቡ፤ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ሰሐን ወደ መብራቱ እያነሱ እያዩ። እናቴ ሶፋው ላይ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠች። የእናቴን ያህል የተሠቃየ እንግዳ አይቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ አሁንም ተቀይመኸኛል?»

«እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ» አሉኝ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ። «የጎደለ ነገር አልረሳም። እወድሻለሁም። ሁለቱ ተቀናንሰው ዜሮ አይመጡም።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ሲንጎራደዱ አይቻቸው አላውቅም። ያ ሁሉ መቅበጥበጥ፣ በር መክፈትና መዝጋት ቀረ። ፎቁ ላይ ግሪል ስለማይፈቀድ መብራት ብቻ አብርተው፣ ቡናማ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ይነግሩኝ ነበር፤ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ስልክ የሚደውሉልኝ ጓደኞች ነበሩኝ፣ ብዙ ቅዳሜ ቀረሁ። አሥራ አንድ ወር ኖሩበት። አንድ ጠዋት በእንቅልፋቸው አረፉ።

ለቅሶው ላይ አንዲት የእናቴ ጓደኛ ደረቷን እየደቃች «ምስኪን፣ ብቻቸውን! ሰው ሳያያቸው፣ ብቻቸውን!» አለች። ሰዎች እናቴን በጎን አዩዋት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችው «ሰው ምን ይለኛል» መጥቶ ፊቷ ላይ ቆመ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና «ብቻቸውን አይደለም የሞቱት» አለች። «ቤታቸው ነው የሞቱት።» በእናቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ በራሴም እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አሁን ብሩክሄቨን እኖራለሁ፣ ቢሮ እሠራለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይሬያለሁ፤ እጮኛዬ «ሰናይት፣ ሲሪየስሊ፣ ማን እያባረረሽ ነው?» ይለኛል። ከእኛ በኋላ ከአገር ቤት የመጣው የታላቅ ወንድሜ ልጆች ሲመጡ ስለዚያች አገር እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ገበታው ተራራ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ግማሽ ጣሪያ ሥር እሳት ስላነደደችው ሴት። ትንሿ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ስለ ከበቧቸው ሰዎች ነው። ክፉ ነበሩ ወይ ትለኛለች። አንዳንዶቹ ክፉ ነበሩ እላታለሁ። ከዚያ፣ እናቷ ለልጅ ይከብዳል ብትለኝም፣ የኔንም እጨምርላታለሁ። አንድ ሰው አምስት ዓመት ሊኖሩበት ይችሉ ከነበረው ቤት አሥራ አንድ ወር ብቻ ኖሩ፤ ቀሪውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ፤ የወሰድኩትም ስለምወዳቸው ነው።